ሰው ልኬ ልይ?

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ኃላፊዬ አቶ ፈንታ የክፍሉን ቁልፍ ሲሰጡኝ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። «ብርዱ ነው» አልኋቸው። ከዝዋይ የመጣሁ ነኝ፤ ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው የደባርቅ ጠዋት ቀላል አይደለም። ግን ብርዱ ብቻ አልነበረም። የተቀጠርሁት ኮምፒውተር ላይ ባየሁት ማስታወቂያ ነው። ማመልከቻ ልኬ፣ «ተቀብለንሻል፣ ነይ» ተብዬ፣ ማንንም ሳላውቅ ብቻዬን አውቶቡስ ተሳፈርሁ። ዳባትን አልፈን ሽቅብ ስንወጣ «የሚባለው ቢሮ ባይኖርስ?» እያልሁ የነጠላዬን ጫፍ ስቋጥርና ስፈታ ነበር። ቁልፉን ሳይ ነው እጄ የከዳኝ።

አቶ ፈንታ ቁልፉን ራሳቸው አነሡና «አይዞሽ እህቴ፣ ብርድ የሚባለው ገና ወደፊት ነው» አሉኝ። ማጽናናታቸው ነበር።

ክፍሉ በቀጠረኝ የወጣቶች ማዕከል ግቢ ጥግ ያለ ጠባብ ቤት ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ መብራት ሲጠፋ የጀመሩትን ለመቋጨት ያህል የሚያቆይ ባትሪ ነበረው። ውጭ ግድግዳው ላይ በሽቦ መረብ የተሸፈነ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሏል። መረቡ የተሠራው ማስታወቂያውን ቀድሞ ያየ ሰው ሌላው እንዳያየው ገንጥሎ በኪሱ ስለሚከት ነው። መደቤ «የሥራ መረጃና ምክር ሠራተኛ» ይባላል። በማዕረግ ከኃላፊው በታች፣ ከቤተ መጻሕፍቷ ሠራተኛ እኩል፣ ከጥበቃው በላይ ነበርሁ። ጠዋት ጠዋት ግን ጥበቃው ካፖርት ስለነበረው ከሁላችንም በላይ ነበር።

«ሥራሽ ቀላል ነው» አሉ አቶ ፈንታ። «ከኢንተርኔት ማስታወቂያ ታወጫለሽ፣ ወደ አማርኛ ትመልሻለሽ፣ አትመሽ ትለጥፊያለሽ። ልጆቹ ሲመጡ ትመክሪያለሽ።»

«ውሸት ቢሆንስ፣ አቶ ፈንታ?»

«ምኑ?»

«ማስታወቂያው።»

ሳቁ። «አገር ምድሩ እያየው ማን ይዋሻል? ደግሞ አንቺ ራስሽ በዚያው አይደል የመጣሽው!»

እኔ አልሳቅሁም። የማላየው ሰው የጻፈውን ወስጄ ለማላውቀው ሰው ልጅ በእጄ ልሰጥ ነው። ያን ዕለት የገባብኝ ፍርሃት ሥራዬን እስካስረከብሁበት ቀን አልለቀቀኝም።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጠዋት መስመሩ ሳይጨናነቅ የሥራ ማስታወቂያ የሚወጣባቸውን ገጾች እከፍታለሁ። አንዱ ገጽ እስኪከፈት ከዳዊት አንድ መዝሙር እደግማለሁ፤ ረጅም መዝሙር የሚፈልግ ገጽም ነበር። ለአካባቢው ልጆች የሚሆነውን እለያለሁ፦ የሎጅ አስተናጋጅ፣ ምግብ አብሳይ፣ አስጎብኚ፣ ንብረት ክፍል፣ ጸሐፊ። የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ ቀን እመልሳለሁ። የሚጠየቀውን ማስረጃ በጉልህ እጽፋለሁ። ከዚያ ማስታወቂያው ላይ ባለው ስልክ እደውላለሁ።

መደወል የሥራ ዝርዝሬ ውስጥ አልነበረም። ከፍርሃቴ የመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ ምን እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም ነበር፤ «ማስታወቂያው የእናንተ ነው?» እላለሁ፣ «አዎ» ይሉኛል፣ አመስግኜ እዘጋለሁ። ውሸታምም «አዎ» እንደሚል የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ጎንደር ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ይፈልግ ነበር። ጎንደር የማውቀው ዲያቆን ስለነበር ሳላስበው «ሰው ልኬ ልይ?» አልኋት የተቀበለችኝን ሴት።

«ምኑን ነው የሚያየው?»

«ቤቱን፣ ወንበሩን። የምትቀጠረው ልጅ የምትቀመጥበትን።»

«ይምጣ!» አለች እየሳቀች። «ወንበሩ ግን አንድ እግሩ ይወዛወዛል፤ እንዳይደነግጥ ንገሪው።»

በዚያው ሳምንት «ደመወዙ በስምምነት፣ ልምድ አያስፈልግም» ለሚል ሌላ ማስታወቂያ ደወልሁና ያንኑ ጠየቅሁ። «ሰው ልኬ ልይ?» ስልኩ ተዘጋ። ደግሜ ብደውል አላነሡም። ያንን ወረቀት አልለጠፍሁትም። አቶ ፈንታ «የስልክ ሒሳቡን አበዛሽው» ብለው ቢያጉረመርሙም አልከለከሉኝም።

የምክሩ ሥራ ሌላ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ለሥራ ፈላጊ የሚጻፈው ምክር ብዙ ነው፤ ጠያቂህን ዓይን ዓይኑን እየው፣ ከሌሎቹ በምን እንደምትበልጥ በልበ ሙሉነት ተናገር ይላል። እኔም ተርጉሜ፣ አትሜ አደልሁ። ከዳባት የመጣ ይበልጣል የሚባል ቁመተ ሎጋ ልጅ ወረቀቱን ሸምድዶ ለአስጎብኚነት ቃለ መጠይቅ ገባ። ሲወጣ ፊቱ ቀልቷል።

«ምን ጠየቁህ?»

«ከሌሎቹ በምን ትበልጣለህ አሉኝ፣ እትዬ ጽጌ።»

«ምን አልህ?»

«ኧረ እኔ ከማንም አልበልጥም፤ ስሙንም ያወጣችው እናቴ ናት አልኋቸው።»

ጠያቂዎቹ ስቀው አሰናበቱት። በራሳችን ባህል ያደገ ልጅ ሽማግሌ ፊት ዓይኑን ካላወረደ፣ «እግዚአብሔር ከረዳኝ» ካላለ፣ ባለጌ ነው። ስለዚህ የተረጎምሁትን ምክር ተውሁትና ሌላ ጻፍሁ። ራስህን አታወድስ፤ የሠራኸውን ተናገር። ጨነቅ በሚባለው ተራራ ላይ በረዶ ሲጥል በቅሎዋ ከነጭነቷ ስትጠፋ እንግዶቹን የት አስጠለልህ? በቅሎዋንስ እንዴት አገኘሃት? ይበልጣል ይኼን ይዞ በሚቀጥለው ዙር ገባ። ታሪኩን ሲጀምርላቸው በቅሎዋ እስክትገኝ ድረስ አላስቆሙትም አሉ። ተቀጠረ።

ወሬው ወደ ገጠሩ ሲደርስ ነው የባሰ መፍራት የጀመርሁ። ከጊች ቄስ ሞላ መጡ። ጊች በተራሮቹ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ገብስ የሚዘራበት ከፍታ ላይ ያለ መንደር ነው። ስልክ የሚይዘው አንድ ጉብታ ላይ ብቻ ነው፤ ሰሌዳዬን ለማየት ሙሉ ቀን በእግር መውረድ ይጠይቃል።

«ልጄ፣ ወረቀቱን ለበቅሎ ነጂዎቹ ስጪልን» አሉኝ። «እኔ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ አነብለታለሁ።»

«አባቴ፣ እፈራለሁ።»

«ምን ያስፈራሻል?»

«እርስዎ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው ያነበቡትን ማን ይጠራጠራል? ከኔ ሰሌዳ ላይ ሲያነብ ‘እውነት ይሆን?’ የሚል ሰው፣ ከእርስዎ አፍ ሲሰማ ስንቁን ይቋጥራል።»

ጺማቸውን ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ «እንግዲያው አንቺ ያልደወልሽበትን አልቀበልሽም» አሉኝ። በዚሁ ተስማማን። ወረቀቱ በበቅሎ እየወጣ፣ እሑድ እየተነበበ፣ ልጆቹ እየወረዱ ይቀጠሩ ጀመር። እኔ ግን እሑድ እሑድ እዚህ ደባርቅ ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ «አሁን እዚያ ላይ እያነበቡት ይሆን?» እያልሁ ልቤ አይሰበሰብም ነበር።

ቀጥሎ ስልኩ ራሱ ኢንተርኔት ያለው ሆነ። ያኔ ልጆቹ ሰሌዳዬን መጠበቅ ተዉ። ማስታወቂያው በየኪሳቸው ይመጣላቸዋል፣ ከፎቶግራፍ ጋር። እኔ ቀኑን ሙሉ አጣርቼ ጥቂት ስለጥፍ፣ እነሱ አንድ ሻይ ጠጥተው እስኪነሡ ብዙ ያያሉ።

ትርንጎ የመጣችው በዚያ ጊዜ ነው። የአያ ሲሳይ ልጅ ናት፤ አያ ሲሳይ ጊች ላይ ገብስ የሚያርሱ፣ በጎብኚ ወራት በቅሎ የሚያከራዩ ሰው ናቸው። ትርንጎ ደባርቅ ቤት ተከራይታ አሥረኛ ክፍልን ጨርሳ፣ ውጤት ሳይመጣላት ቀርቶ ወደ መንደሯ ተመልሳ ነበር። በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ሻንጣ ይዛ ክፍሌ ገባች።

«እትዬ፣ ልሰናበትዎ ነው የመጣሁ። ሥራ አገኘሁ።»

«እሰይ! የት?»

ስልኳን ሰጠችኝ። ከተከዜ ማዶ የተከፈተ አዲስ ሆቴል፣ የመስተንግዶ ሠራተኛ፣ ሴት ብቻ፣ ዕድሜ ይኼን ያህል፣ ልምድ አያስፈልግም፣ መኝታና ምግብ በነጻ። የሚያብለጨልጭ ወለልና ነጭ አልጋ የሚያሳዩ ፎቶግራፎች አሉት። ተቀጣሪዎች ነገ ጠዋት ዛሪማ ላይ በድርጅቱ መኪና ይወሰዳሉ፤ መታወቂያቸውንና ስልካቸውን ለምዝገባ ለአስተባባሪው ያስረክባሉ።

«ለምን ዛሪማ?» አልኋት።

«በዚያ በኩል ስለሚያልፉ ነዋ።»

«በዛሪማ የሚያልፍ መኪና በደባርቅስ ቢያልፍ ምን ነበረበት? ዛሪማ እኮ እዚሁ ሥራችን ናት።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ!»

ዛሪማ ከሊማሊሞ ገደል ሥር፣ በሽሬ መንገድ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደባርቅ መናኸሪያ ላይ አንዲት የጊች ልጅ መኪና ስትሳፈር የሚያውቃት ሰው አይጠፋም። ዛሪማ ላይ ግን ማንም አያውቃትም።

ፊት ለፊቷ ደወልሁ። ለስላሳ ድምፅ ያለው ወንድ አነሣ። አነጋገሩ የዚሁ የእኛው አካባቢ ነው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ዋሉ እናቴ» አለኝ። ለሚካኤል ጸበል ከቤቱ እንደወጣ፣ ልጆቹን እንደ እህቱ እንደሚያያቸው፣ ሆቴሉ ጾም የሚያስጾም እንደሆነ ነገረኝ። ተሳዳቢ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እኔ ስልክ ላይ የምናገረውን አነጋገር ነው የሚናገረኝ።

«ሰው ልኬ ልይ?» አልሁት።

«መጥተው ሲያዩማ ደስ ይለን ነበር፤ ግን አሁን የምረቃ ሥራ ላይ ነን፣ እንግዳ አንቀበልም። ከወር በኋላ ይምጡ፣ እናቴ።»

«ሆቴሉ በየትኛው በኩል ነው? ከማን ቤት አጠገብ?»

«ሲመጡ እናሳይዎታለን» አለና በምርቃት ተሰናብቶኝ ዘጋ።

ትርንጎ ፊቴን ታነባለች። «ደኅና ሰው ነው፣ አይደል?» አለች።

«ትርንጎዬ፣ ይቅርብሽ።»

«ምን አገኙበት?»

ምን ልበላት? ያገኘሁት ነገር የለም። ሆቴሉ ሊኖር ይችላል። የምረቃ ሥራም ሊኖርባቸው ይችላል። ከዚያ ሁሉ ፍርሃት ጋር የተቀመጠ ሌላ ፍርሃትም ነበረብኝ፦ እውነተኛ ሥራ ቢሆንስ? ይች ልጅ ውጤት አጥታ፣ መንደር ገብታ፣ ያገኘቻትን አንዲት በር እኔ በጥርጣሬዬ ብዘጋባትስ?

አቶ ፈንታን ሄጄ አማከርኋቸው። «ሰሌዳችን ላይ አለ?» አሉ።

«የለም።»

«እንግዲያው አይመለከተንም። ብትሳሳቺ የሰው እንጀራ ዘጋሽ። ባትሳሳቺ ደግሞ የማታውቂውን ሰው ጠላት ገዛሽ። ለአገሩ እንግዳ ነሽ፣ እህቴ፤ ተይ።»

ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እሳቸውም ፈርተው ነው።

ስመለስ አያ ሲሳይና ቄስ ሞላ በሩ ላይ ቆመዋል። ልጂቱን ሊሸኙ አብረው ወርደዋል። የፈራሁትን አንድ በአንድ ነገርኋቸው። አያ ሲሳይ ፊታቸው ጠቆረ።

«እመቤት፣ ልጄ እኮ ተመርቃ ነው የወጣች» አሉኝ። «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ ደጅ ሽማግሌው ሁሉ እጁን ዘርግቶ መርቋታል። ሴቱ እልል ብሎ ሸኝቷታል። አሁን በምን አፌ ቀረች እላለሁ? የተመረቀ መንገድ ሲመለስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ቄስ ሞላም ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቱን ነው፤ የመረቅሁትም እኔው ነኝ» አሉ። «ማስታወቂያው በአንቺ በኩል ያልመጣ ስለነበር ዐውደ ምሕረት ላይ አላነበብሁትም። ምረቁኝ ስትለኝ ግን እምቢ አልላትም።»

እዚያ አገር ምርቃት ተቀብሎ የወጣ ሰው ሳይደርስ ቢመለስ ምርቃቱን የጣለ ይመስላል። ክፉ ነገር ይከተለዋል ብለው ይፈራሉ። ስለዚህ ፍርሃት በፍርሃት ላይ ሆነ፤ እኔ መሄዷን ፈራሁ፣ እነሱ መመለሷን ፈሩ። ልጂቱ በመካከላችን ሻንጣዋን ታቅፋ ትቁለጨለጫለች።

«አባቴ» አልሁ ቄስ ሞላን፣ «መመለስ ካልተቻለ፣ ሽኝትስ እስከ የት ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ሽኝትማ ወሰን የለውም። አባቴ ለትምህርት ስወጣ ሁለት ወንዝ አሻግሮኛል።»

«እኔም ልሸኛት። ዛሪማ ድረስ፤ ካስፈለገም ሆቴሉ ድረስ።»

አያ ሲሳይ ይኼኔ ፊታቸው ተፈታ። ከደባርቅ ወዲያ የማያውቁት አገር ስለሆነ እንጂ እሳቸውም ልባቸው አላመነም ነበር መሰለኝ። በቅሎዎቹ የሚጠብቃቸው ሰው ስለሌላቸው እሳቸው ቀሩ፤ ቄስ ሞላ ጥላቸውን ይዘው አብረውኝ ሊወርዱ ወሰኑ።

ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርን። ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ያውቀዋል። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ገደሉ አንዴ በእኔ መስኮት፣ አንዴ በቄስ ሞላ መስኮት በኩል ይመጣል። ውዳሴ ማርያም ጀምሬ ከየትኛው ቀን እንደጀመርሁ ጠፋብኝ። ትርንጎ በመካከላችን ተቀምጣለች። ተናዳብኛለች። ሌሎቹ ልጆች ብቻቸውን ይሄዳሉ፣ እርሷ እንደ ሙሽራ በቄስና በሚዜ ታጅባለች።

«እትዬ» አለችኝ መጨረሻው ጥምዝ ላይ፣ «ሰዎቹ ይኼን አይተው ‘አንፈልግሽም’ ቢሉኝስ?»

«በዚህ ምክንያት የማይፈልግሽ ሰው ምን ዓይነት አሠሪ ነው?»

«ለእርስዎ ቀላል ነው፤ እርስዎ ሥራ አለዎ» አለችኝ።

ዛሪማ ስንደርስ ሙቀቱ ሹራቤን አስወለቀኝ። ከሻይ ቤቶቹ ወጣ ብሎ መስታወቱ የጠቆረ ነጭ ሚኒባስ ቆሟል። አጠገቡ አንገቱ ላይ ማተብ ያሠረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰውዬ አለ። ትርንጎን ፎቶግራፏን አይቶ ኖሮ ከሩቅ ለያት፤ እኛን ሲያይ ግን ፈገግታው ቆመ። ድምፁን ሲያወጣ አወቅሁት፤ የስልኩ ሰው ነው።

«እናቴ፣ እስከዚህ ምን አስቸገረዎ?»

«ሽኝት ነው» አልሁት። «አብሬያት እሄዳለሁ። የምትተኛበትን አይቼ በነገው መኪና እመለሳለሁ።»

«መቀመጫ የለም።»

ቄስ ሞላ በተከፈተው በር አንገታቸውን አስገቡ። «ኧረ ልጄ፣ የፊቱ ሁሉ ባዶ ነው! እኔ ራሴ እተኛበታለሁ።»

«ለሌሎች ሠራተኞች የተያዘ ነው፣ አባ።»

«ግድ የለም። የሆቴሉን ስም ንገረንና በሌላ መኪና ተከትለናችሁ እንመጣለን።»

ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ከእኛ ዞር አለና ደወለ። ብዙም አልራቀም፤ ወይም እንደምንሰማው አላሰበም።

«ይችኛዋ ሰው አላት» አለ። ትንሽ አዳመጠ። «እሺ።»

ትርንጎ ሰማችው። ፊቷ ላይ የነበረው ንዴት እንዳለ ወረደ። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ነበር፤ ጎንበስ ብላ አነሣችውና ከኋላዬ ቆመች። በነጠላዬ በኩል እጇ ወገቤን ሲይዘኝ ተሰማኝ።

ሰውዬው ተመልሶ «ዛሬ ሞልቷል፣ ለሌላ ጊዜ» አለንና ገቢናው ውስጥ ገባ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የሳበች ሌላ ልጅ አየሁ። የትርንጎ እኩያ ትሆናለች። ቄስ ሞላም አዩአት።

«ልጄ! የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጮኹ መስቀላቸውን አውጥተው። «ውረጂ፣ ልጄ! የማን ልጅ ነሽ?»

ዓይኗን ወደ እኛ አነሣች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። በሩ ተዘጋና መኪናው ተነሣ። ቄስ ሞላ ጥላቸውን ይዘው ከኋላው ጥቂት ሮጡ፤ ሽማግሌ ናቸው፣ የትም አልደረሱም።

ታርጋውን በቃሌ ይዤ ፖሊስ ዘንድ ሄድን። ጻፉልን፣ ፊት ለፊታችን ወደሚቀጥለው ከተማ ደወሉ። መኪናው የት እንደገባ ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

ወደ ላይ የሚወጣ መኪና ስንጠብቅ ትርንጎ ማልቀስ ጀመረች። «አሁን በምን ፊቴ ነው ጊች የምገባው? ያ ሁሉ ሰው መርቆኝ!»

ቄስ ሞላ አሁንም ትንፋሻቸው አልተመለሰም ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ስሚ፣ ልጄ። የመረቅሁሽ እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ እንደመረቅሁሽም አውቃለሁ። ‘ከክፉ ይሰውርሽ’ አልሁ እንጂ ‘ሆቴል ያስገባሽ’ አላልሁም። ምርቃቱ ለአንቺ ነው፣ ለመንገዱ አይደለም። እሑድ ይኼንኑ ለሕዝቡ እናገራለሁ።»

ተናገሩም። የበቅሎ ነጂዎቹ እንደነገሩኝ፣ ያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ አንድም ሥራ አላነበቡም። ዛሪማ ላይ ያዩትን ብቻ ተናገሩ፤ «ለማታውቀው ሰው ልጅህን ከመስጠትህ በፊት ሂድና ደጁን እይ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስልካቸውን ይዘው «ደውሉልን» እያሉ የሚመጡ ልጆች በዙ። አቶ ፈንታም ስለ ስልክ ሒሳቡ አንሥተው አያውቁም። እንዲያውም አንድ ቀን ሲያልፉ ሰምተው፣ «ሰው ልኬ ልይ ብለሽ ጠይቂያቸዋል?» ብለው ራሳቸው አስታወሱኝ።

ለትርንጎ የፓርኩ መግቢያ አካባቢ ባለ ሎጅ የወጥ ቤት ረዳት ቦታ አገኘሁላት። ደውዬ ጠየቅሁ። «ይምጡ» አሉ። አያ ሲሳይ በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ፤ ወጥ ቤት ገብተው ተቀመጡ፣ የቀረበላቸውን ሾርባ ጠጡ፣ የልጆቹን መኝታ በር ከፍተው፣ መቀርቀሪያው ከውስጥ መሆኑን አረጋግጠው ተመለሱ።

«እንዴት አገኙት?» አልኋቸው።

«ሾርባቸው ውኃ ነው» አሉ። «ሰዎቹ ግን ደኅና ናቸው።»

ዛሬ ትርንጎ እዚያው ዋና አብሳይ ናት። ሾርባውንም አስተካክላዋለች።

እኔ ጡረታ ወጥቼም ደባርቅ ነኝ። ዝዋይ እሄዳለሁ እላለሁ፣ ግን ደግሞ እቀራለሁ። መስታወቱ የጠቆረ መኪና ባየሁ ቁጥር ኋላ ወንበሩን ለማየት አንገቴ ይዞራል። የዚያች ልጅ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ የአባቷን ስም ልትነግረን ነበር፣ ወይም ሌላ። አላወቅሁም። በጸሎቴ ስም የሌላት እርሷ ብቻ ናት፤ «ያችን የዛሪማዋን» እላለሁ።

በእኔ ወንበር ለምትቀመጡት የምጽፈው ይኼን ነው። ማስታወቂያ ሲመጣላችሁ ደመወዙንና ፎቶግራፉን ተዉት፣ መጀመሪያ ደውሉና «ሰው ልኬ ልይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እውነተኛ አሠሪ «ይምጣ» ይላል። የሚልከው ሰው የሌለው ሥራ ፈላጊ ከመጣ፣ እናንተው ሂዱለት።